ሊማሊሞን በግማሽ እርግጫ

ስለዚያ ነጭ ሚኒባስ በጎንደር የሚወራውን ሰምቻለሁ። አንዳንዱ «የቴክኒክ መምህሩ ነው ያዳነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሽማግሌው ራሱ አበላሽቶት ኖሮ ሊማሊሞ ላይ አመነ» ይላል። ሁለቱንም ወሬ የሚነዛው አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ በእኔ ወረቀት ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን ሥራ ስለነበረብኝ ነው። አሁን ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ስለጠላ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እውላለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ፤ የሚቀየመኝ ካለ ዛሬውኑ ይቀየመኝ።

በመጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሞተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ጎረምሳ ሳለሁ ከጣሊያን ዘመን የቀረ አንድ የጭነት ማኪና ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር፤ የእሱን ካርቡራተር እየፈታሁና እየገጠምኩ ቤንዚን ከአየር ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ ለብቻዬ አወቅሁ። በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመው ነበር። ይህን ጠላቶቼም አይክዱትም። ደርግ ወድቆ ካርቡራተር የሌላቸው፣ ቤንዚኑን ኮምፒውተር የሚመጥንላቸው ማኪኖች መግባት ሲጀምሩ የከተማው መካኒክ ሁሉ እጁን ሰበሰበ። «ይሄ የአዲስ አበባ ሥራ ነው» እያሉ ባለማኪናውን ይመልሱት ነበር። እኔ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ፤ መዝገበ ቃላትም ገዛሁ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ አነበብኩ። ከመዝገበ ቃላቱ ያጣሁትን ቃል ሞተሩን ከፍቼ አገኘሁት። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው በጎንደር ካለ ይምጣና እጄን ይጨብጠኝ። እስካሁን አልመጣም።

የምሠራበት ግቢ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግቢው የአንድ ሐጂ ነው። ሐጂው ከኮላ ድባና ከማክሰኝት እህል እየሰበሰበ የሚነግድ፣ አባቱም አያቱም በዚሁ ከተማ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነው። ስከራየው ግቢው ባዶ ሜዳ ነበር። ማኪና ከሥር የሚጠገንበትን ጉድጓድ በገዛ እጄ ቆፈርኩት። የጎንደር መሬት አፈር አይደለም፤ ድንጋይ ነው። በመዶሻና በመሮ ለወራት ፈለጥኩት፤ ግድግዳውን በጥርብ ድንጋይ ገነባሁት፤ ሦስት ደረጃ አወጣሁለት። ጥልቀቱን በራሴ ቁመት ለካሁት፤ ውስጡ ስቆም የማኪናው ሆድ ልክ ከግንባሬ በላይ ይውላል። ከእኔ የረዘመ ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሆነ አይሠራበትም። ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግሁት።

መምህሩ የሐጂው የእህት ልጅ ነው። ቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ነጭ ካፖርት ይለብሳል፤ ቁመቱ ረጅም ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ግቢዬን በዓይኑ ይለካ ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ «እዚህ ጋ የኮምፒውተር ክፍል፣ እዚያ ጋ የማንሻ ማሽን፣ ጉድጓዱ ይደፈናል» እያለ ለአጎቱ ያሳያል። እኔ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ እሰማለሁ። እንደምሰማም ያውቃል።

ሚኒባሱ የሐጂው ነው፤ ከጎንደር አዲ አርቃይ ሰው ያመላልሳል። ሾፌሩ የጭልጋ ሰው ነው፤ ከረዳትነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ደህና እጅ፣ ክፉ ምላስ አለው። አንድ ቀን የጣሪያው ዕቃ መጫኛ ተሰነጠቀበትና ማክሰኝት ወስዶ አስበየደው። ባትሪውን ሳይነቅል ነው ያስበየደው። የብየዳው ኮረንቲ በሽቦው ሄዶ የሞተሩን ኮምፒውተር አቃጠለው። ከእኔ ዘንድ መጥቶ ቢሆን ባትሪውን እነቅልለት ነበር፤ አልመጣም፤ ስለዚህ ተቃጠለ። ያው ዓይነት ኮምፒውተር በአገሩ ጠፋ። መምህሩ በዘመድ ከዱባይ ሌላ ዓይነት አስመጣ። ይህኛው እንደ ባዶ ደብተር ነው፤ ለየትኛው ሞተር ስንት ቤንዚን እንደሚሰጥ ሰው በላፕቶፕ ይሞላለታል። መምህሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦ ሞላ። ከእኔ ጋር አልተማከረም። ላፕቶፑን ወደ እኔ በኩል እንኳን አያዞረውም ነበር።

ሚኒባሱ ቆሞ ሲሠራ እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ነበር። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጡትም ይበር ነበር። በግማሽ እርግጫ ግን ይታነቃል፤ ይስላል፤ ወደ ኋላ ይጎትታል። አዘዞ ሜዳ ላይ ነገሩ አያስታውቅም። ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ የሚያስወጣው የሊማሊሞ ዳገት ግን ከታች እስከ ላይ ያው ግማሽ እርግጫ ነው፤ መታጠፊያው ሙሉ አያስረግጥም፤ ዳገቱ ደግሞ አያስለቅቅም። አስፋልቱም በዚያን ጊዜ ገና ሊማሊሞን አልነካውም ነበር። ሚኒባሱ ሰው እንደጫነ ሦስት ጊዜ ቆመ።

ዓርብ ቀን ሐጂው ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ መጣ። መምህሩም ሾፌሩም ግቢው ውስጥ ነበሩ።

«ሦስት ጊዜ!» አለ ገና በሩ ላይ ሆኖ። «ሦስት ጊዜ የሰው ልጅ ሊማሊሞ ላይ በእግሩ አስኬደብኝ። ትናንት አንዲት አራስ ወርዳ ጎማ ሥር ድንጋይ ስታስገባ ነበር አሉኝ። ወላሂ፣ ገበያ መውጣት አፈርኩ።»

«አጎቴ፣ ማኪናው ምንም የለበትም» አለ መምህሩ። «ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው። አነዳዱ ነው ችግሩ።»

ሾፌሩ ተነሣ። «የኔ አነዳድ? እኔ ሊማሊሞን ስወጣ አንተ ጡጦ ትጠባ ነበር!»

«ቁጥሩ ትክክል ከሆነ» አልኩ እኔ፣ «ተሳፋሪውን ቁጥሩ ላይ አስቀምጠህ ለምን አትወስደውም?»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ሲንቀኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጋሼ፣ ይሄ ካርቡራተር አይደለም። በካቻቢቴ የሚዞር ነገር የለውም። እርስዎ ይረፉ።»

«እኔ የምርፈው ጉድጓዴ ሲደፈን ነው» አልኩት። «እሱን ደግሞ በቁሜ አታየውም።»

ሐጂው በሁለታችን መካከል ገባ። ነጋዴ ነውና ነገር አያስረዝምም። «ይህ ግቢ ሁለት ጌታ አይኖረውም» አለ። «ልጁ ሁለት ሳምንት ሞክሮ አልወጣለትም። አሁን ያንተ ሳምንት ነው። የነገ ሳምንት ቅዳሜ ማኪናው ሞልቶ፣ እኔም ተቀምጬበት፣ ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን ሳይቆም ይውጣ። ከወጣ ግቢው እስክትሞት ያንተ ነው። ከቆመ ዕቃህን ሰብስብ፤ ግቢውን ለልጁ እሰጣለሁ።»

«ላፕቶፑን ይስጠኝ።»

መምህሩ ሳቀ። «በየትኛው ጣትዎ ሊነኩት?»

«በዚህ» ብዬ የማቀዝቀዣ ፋን ጫፉን የቆረጠውን ሌባ ጣቴን አሳየሁት። ላፕቶፑን ከነገመዱ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። እንደምወድቅ እርግጠኛ ነበር። እኔም እንደማልወድቅ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ያን ቀን ማታ ራት አልበላሁም።

ቅዳሜና እሑድ ከላፕቶፑ ጋር ተፋጠጥኩ። ፕሮግራሙ ሲገለጥ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላ በኩል ሞተሩ የሚስበው የአየር ግፊት ተጽፏል። ሁለቱ በሚገናኙበት በየሳጥኑ አንድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቤንዚን ይጨምራል፤ ዝቅ ሲል ይቀንሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ሰዎች ኮሌጅ ገብተው የሚማሩትን እኔ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ከላይ ያሉት ረድፎች ሙሉ እርግጫ ናቸው፤ እነሱን ማንም ያስተካክላል። ከታች ያሉት ቆሞ ሲሠራ ነው፤ እነሱንም ማንም ያስተካክላል። መካከሉ ግን የግማሽ እርግጫ አገር ነው፤ ማኪና ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። መምህሩ መካከሉን ከሌላ ሞተር ገልብጦ አዘዞ መንገድ ላይ ትንሽ ነካክቶታል፤ በቃ። ሰነፍ መሆኑን ከቁጥሩ አየሁት።

ሌላም ነገር አየሁ። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ደባርቅ ላይ ይብስበታል፤ ከሊማሊሞ በታች ግን ይወፍራል። አየሩ ሲወፍር ሞተሩ ሌላ ረድፍ ላይ ይገባል። መምህሩ ከጎንደር ስላልወጣ እነዚያ ረድፎች የሰው እጅ አልነካቸውም። ሚኒባሱ አዲ አርቃይ ሲደርስ የሚሠራው ማንም ባልሞላው ሰንጠረዥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው፤ ከግቢዬም ሳልወጣ ነው። የመምህሩን ቁጥሮች በሙሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ በደብተር ገለበጥኳቸው። ጠላትህ የጻፈውን ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ረቡዕ ጠዋት በተሳፋሪ ፋንታ ከሐጂው መጋዘን የሽምብራ ጆንያ ጫንን፤ ሾፌሩ መሪውን ያዘ፤ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ። አዲ አርቃይ ስንደርስ ሥራ ጀመርን። «ሦስተኛ ማርሽ፤ እግርህን እዚያው ያዝ፤ አታነቃንቀው» እለዋለሁ። ይይዛል። ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተተከለው መለኪያ ቤንዚኑ ማነሱን ወይም መብዛቱን ላፕቶፑ ላይ ያሳያል። መካከሉ ሁሉ ቤንዚን አንሶታል። አንድ ሳጥን እሞላለሁ፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ።

«አያ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ሥራ?» ይላል ሾፌሩ። «ቤንዚን ጨረስን እኮ።»

«አንተ ባትሪ ሳትነቅል የምታስበይድ ሰው ስለ ቤንዚን አትንገረኝ።»

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሳጥኖቹ ሁሉ ደህና ሆኑ። ሜዳው ላይ ሲሄድ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ተደሰትኩ፤ «አሁን ውጣ፤ እንደ ልብህ ንዳው» አልኩት። ሊማሊሞን ጀመርን። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ታነቀ። ከበፊቱ ባሰ። ጥቁር ጭስ ለቆ ቆመ።

ወርጄ ድንጋይ ጎማ ሥር አስገባሁ። ከኋላ የመጣ የጭነት ማኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አያ፣ በቅሎ እንላክልዎት?» አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። ታርጋውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትለኩሰው ናት፤ መምህሩ ካንዴላ አይቼ ስፈርድ «የጥንት ሐኪም» እያለ ያፌዝብኝ ነበር። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ካንዴላውን ያነጣዋል፤ የበዛበት ያጠቁረዋል፤ ልኩ ሲሆን ቡናማ ነው። አራቱም ጥላሸት ሆነዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ እግሩን ሲያረጋ መለኪያው ቤንዚኑ ልክ ነው ብሎኛል። ካንዴላው ሞተሩ ሰጥሟል ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። እንግዲያው በመለካቱና በመንዳቱ መካከል የተለወጠ አንድ ነገር አለ።

ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ገጠምኩ። «ቀጥል» አልኩት። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑን አላየሁም፤ እግሩን አየሁ።

ሾፌሩ ዳገት ሲወጣ ጫማውን ያወልቃል። ባዶ እግሩ ፔዳሉ ላይ አያርፍም፤ በአጭር በአጭሩ ይመታዋል፤ ታ፣ ታ፣ ታ። በመታው ቁጥር ላፕቶፑ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች። መብራቷ ምን እንደሆነች ፈልጌ አገኘሁ። ሰው ፔዳሉን በድንገት ሲረግጥ ኮምፒውተሩ ለአንድ አፍታ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። መምህሩ ይህን ጭማሪ ከሚገባው አራት እጥፍ አድርጎታል። ለምን? መካከሉ ቤንዚን ስላነሰው፣ ግቢ ውስጥ ፔዳሉን ነካ ሲያደርግ ሞተሩ እንዲያገሳና አጎቱ ደስ እንዲለው። ሥራውን በመሥራት ፋንታ ጉድለቱን ሸፈነው። ያን ጭማሪ በደቂቃ ሃምሳ ጊዜ ሲረጩበት የማይሰጥም ሞተር የለም።

የመምህሩን ጥፋት እጄ ላይ አገኘሁት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሾፌሩን ፔዳል መምታት ያስተማረው ማን ነው?

እኔ ነኝ። በካርቡራተሩ ዘመን፣ እዚሁ ሊማሊሞ ላይ፣ እሱ ገና ረዳት ሳለ። ካርቡራተር ፔዳሉን በመታኸው ቁጥር በትንሽ ፓምፕ ቤንዚን ይረጫል፤ ዳገት ላይ ሲደክም በዚያ ይነሣል። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለአዲ አርቃይ መስመር ሾፌር ሁሉ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። መናኸሪያ ውስጥ «የአያ ምት» ይሉታል። እዚያ ስገባ አንዱ ሾፌር ለሌላው «ምቱን ያመጣው ሰውዬ» ብሎ ሲያሳየኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ለሾፌሩ ምንም አልነገርኩትም። ጭማሪውን ወደ ልኩ አወረድኩት። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ከጠፋ ከመታጠፊያው ሲነሣ ይታነቃል። ሐሙስ እንደገና ወረድን። እኔ አጠገቡ ሆኜ እግሩ ሊመታ ባለ ቁጥር «አሳርፍ» እለዋለሁ።

«ምነው አያ?» አለ። «ምቱን አንቱ አይደሉም ያስተማሩኝ?»

«ይሄ ሌላ ማኪና ነው። አሳርፍ ስልህ አሳርፍ።»

«እሺ ሸጋ» አለ በአፉ። ሚኒባሱ ሊማሊሞን እንደ ውሃ ወጣ። አንድ ጊዜም አልሳለ። ደባርቅ ላይ ካንዴላ ፈታሁ፤ ቡናማ። አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ለመምህሩ ላሳየው።

ቅዳሜ አዲ አርቃይ ላይ ሚኒባሱ ሞላ። ሐጂው ጋቢና ገባ። መምህሩም አብሮን መጥቶ ነበር፤ ተከትሎት ገባና በሩን ዘጋው። «አባባ፣ ከኋላ ይመችዎታል» አለኝ በመስኮቱ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቦታዬን ሲወስድብኝ የሾፌሩን እግር ወሰደብኝ። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ትከሻውን እንጂ እግሩን አላየውም።

የታችኛው መንገድ ሰላም ነበር። መታጠፊያው ሲጠብብ፣ ገደሉ በሐጂው በኩል ሲመጣ፣ ሾፌሩ ጌታውን አጠገቡ አስቀምጧልና ፈራ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ታ፣ ታ፣ ታ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። «እግርህን» አልኩት ዝቅ ብዬ። አልሰማም ወይም አልፈለገም። ሁለተኛ ሳለ፤ ወደ ኋላ ጎተተ። አንዲት ሴት «እመቤቴ ድረሽ!» አለች። አንዱ ሽማግሌ ድንጋይ ለማምጣት በሩን ሊከፍት ተነሣ።

መምህሩ ዞሮ አየኝ። ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። «ጋሼ፣ ዕቃዎን ለመጫን ማኪና ያስፈልግዎታል? ይሄኛው ግን ዳገት አይወጣም።»

«እግርህን አሳርፍ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሾፌሩም ጮኸ። «ታንቆ እያዩት እንዴት ልተወው! ሲያንቀው ምታው ያሉኝ አንቱ! ሃያ ዓመት የመታሁት አንቱ ብለውኝ!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። መምህሩ ሰማ። ሐጂው አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ጭሱ በኋላ መስታወት ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ፍጥነታችን የሰው እርምጃ ሆኗል። ግቢዬም ጉድጓዴም ያ እግር ላይ ነበሩ፤ ያን እግር ደግሞ የሚያዘው የራሴ የድሮ ቃል ነው፤ ቃሌን የሚሽረው ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

«ተሳስቼ ነው!» አልኩ። «ያስተማርኩህ ልክ አይደለም! እግርህን አሳርፍና ግማሽ ላይ ያዝ!»

በዕድሜዬ ይህን ቃል አውጥቼ አላውቅም ነበር። ለሚስቴም ብዬው አላውቅም። ሾፌሩ ደንግጦ ነው መሰለኝ ትከሻው ቀጥ አለ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፤ የጠጣውን ቤንዚን ተፋው፤ ጭሱ ነጣ፤ ከዚያ ድምፁ ወፈረና ያዘ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በግማሽ እርግጫ፣ መታጠፊያውን ዞረ። ቀጣዩንም ዞረ። ደባርቅ እስክንደርስ አንድም ድንጋይ ከጎማ ሥር አልገባም።

ደባርቅ ላይ ገና እንደወረድን መምህሩ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ሰማህ አይደል አጎቴ? ራሱ ነው ያበላሸው! በአፉ አመነ! እኔ ከመጀመሪያው አነዳዱ ነው አላልኩም?»

ደብተሬን አወጣሁ። የእሱን ቁጥር በግራ፣ የእኔን በቀኝ ጽፌ ነበር። ካንዴላዋንም ከኪሴ አውጥቼ ሐጂው መዳፍ ላይ አኖርኩ። «ጭማሪውን አራት እጥፍ ያደረገው ማን ነው? መካከሉን ከሌላ ማኪና የገለበጠውስ? ከሊማሊሞ በታች ያለውን ረድፍ ሳይነካ ሰው ያስጫነውስ? የእኔን ስህተት በአንድ ቃል ተናገርኩ። እሱ የራሱን ይናገር።»

መምህሩ ስለ ፋብሪካ ቁጥር፣ ስለ መደበኛ አሠራር ምናምን አለ።

ሐጂው ደብተሩን ለረጅም ጊዜ አየ። ቁጥር የሚያነብ ሰው ነው። «አንተ ያላለቀ ሥራ ሸፍነህ ሰው አስጫንክብኝ» አለው የእህቱን ልጅ። ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ መንስኤውን አውቀህ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ዝም አልክ። ሐሙስ ዕለት ለሾፌሩ ብትነግረው ዛሬ ባልጮኽክ ነበር። ማኪናው ወጥቷል፤ አንተን አላስወጣም። ጥፋትህን ግን ገደሉ አፍ ላይ ራስህ ስትናገር ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ግቢውን ለሁለት እከፍለዋለሁ።»

«ከወጣ ያንተ ነው ብለውኝ ነበር፣ ሐጂ።»

«ወጣ። ግን አንተም አጥፍተህ ነበር።»

በሚቀጥለው ሳምንት ግቢው መካከል ቆርቆሮ ተተከለ። ጉድጓዱ በእኔ በኩል ቀረ። በሩ ግን በእሱ በኩል ሆነ። በየጠዋቱ በእሱ ግቢ አልፌ ወደ ራሴ እገባለሁ፤ እሱ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ይቆማል፤ እኔ መንገዴን አያለሁ። ሰላምታ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የማንሻ ማሽኑ ተሰብሮበት አንድ ሰሞን ጉድጓዴን እንዳውሰው በሐጂው በኩል አስጠየቀ። «ይምጣ፤ ጎንበስ ማለት ከቻለ» አልኩ። አልመጣም።

ሚኒባሱ ዛሬም አዲ አርቃይ ይሄዳል፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። ሾፌሩ እግሩን አሳርፎ ይነዳል፤ መናኸሪያ ውስጥ ግን «አያ እንኳ ተሳስቼ ነው አለ» እያለ ያወራል። ያውራ። እውነት ነው፤ ብያለሁ። ማኪናው ግን የወጣው በእኔ ቁጥር ነው፤ በእኔም ቃል ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚናገር ሰው እስካሁን አልሰማሁምና እኔው ጻፍኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከቆርቆሮው ማዶ ሞተር ሰማሁ። አዲስ ማኪና ነው፤ የዚያው ዓይነት ኮምፒውተር ተገጥሞለታል። ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው። ሙሉ ሲረገጥም ደህና ነው። መካከሉ ላይ ያንቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ አገሳ፤ መምህሩ የድንገቱን ጭማሪ ከፍ አድርጎ ነው። ቀጥሎ ሳቀ፤ ባለማኪናውም ሳቀ። የትኞቹ ሳጥኖች እንደጎደሉ ከወንበሬ ሳልነሣ ልነግረው እችል ነበር። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ድምፄ ይደርስ ነበር።

አልነገርኩትም። እኔ ሊማሊሞ ላይ፣ ሰው በሞላበት፣ የራሴን ተናግሬያለሁ። እሱም ሊማሊሞ ወርዶ የራሱን ይናገር።